የማስታገሻ ጥናት ከሥሩ ይጀመር ወይስ ከእንክብሉ?

ጎንደር ላይ ራሱን ያመመው ወይም ወገቡ የያዘው ሰው ማስታገሻ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ገበያው ውስጥ ከቅመሙ ተራ አጠገብ ድንገተኛ፣ ቀበርቾና ጤና አዳም ዘርግተው የሚሸጡ እናቶች አሉ። ትንሽ ራመድ ሲሉ ደግሞ መድኃኒት ቤቱ ነው፤ ፓራሲታሞሉም፣ ኢቡፕሮፌኑም፣ ዳይክሎፌናኩም ከእጅ አይርቁም። አብዛኛው ሰው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ልምረጥ አይልም። ጠዋት ምች መታኝ ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ የጠጣ ሰው፣ ከሰዓት ካልተሻለው ሁለት ፍሬ ፓራሲታሞል ይውጣል። ማታ ሲሻለው የትኛው እንዳሻለው አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም።

ይህን ማወቅ የፋርማኮሎጂ ባለሙያው ሥራ ነው። መድኃኒት በሰውነት ላይ ምን እንደሚሠራ፣ ሰውነትም በበኩሉ መድኃኒቱን ምን እንደሚያደርገው የሚመረምረው እሱ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህ ሙያ አለው። ተቋሙ ራሱ ከበሽታ ጋር በተደረገ ትግል የተወለደ ነው፤ በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ተቋቋመ። ዛሬ የመድኃኒት ትምህርት ክፍሉ ተማሪዎች ለሁለተኛ ዲግሪያቸው የሕመም ማስታገሻ ነገር ሲመረምሩ ብዙ ጊዜ የሚነሡት ከአንድ ዕፅ ነው፤ ቅጠሉን ወይም ሥሩን አድርቀው፣ ፈጭተው፣ በሜታኖል ዘፍዝፈው፣ የወጣውን ለአይጥ ይሰጣሉ። በሌላ ወገን የሚቆሙ ባለሙያዎች ደግሞ ሕዝቡ በየቀኑ የሚውጠው እንክብል እያለ ለምን ሥር እንቆፍራለን ይላሉ። ክርክሩ የገንዘብም፣ የሰው ኃይልም፣ የጊዜም ነው፤ ሦስቱም በአገራችን ውሱን ናቸው። እኔ ሁለቱንም ወገኖች በቁም ነገር ነው የምሰማቸው፤ ምክንያታቸውም ሊመዘን ይገባዋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዕፅዋቱ ወገን መከራከሪያ ጠንካራ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚዋጡት ታላላቅ ማስታገሻዎች ዘራቸው ከቅጠልና ከሥር ነው። ሞርፊን የተገኘው ከኦፒየም አበባ ወተት ሲሆን፣ የተነጠለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ነው። የአስፕሪን መነሻ የአኻያ ዛፍ ቅርፊት ነው፤ የባየር ኩባንያው ኬሚስት ፌሊክስ ሆፍማን በ1897 ንጹሑን አስፕሪን እስኪሠራ ድረስ የአውሮፓ ገበሬ ቅርፊቱን እያፈላ ለትኩሳትና ለቁርጥማት ይጠጣው ነበር። እንግዲህ የወገራና የስሜን ገበሬ ለቁርጥማት የሚያፈላው ነገር ውስጥ ምን እንዳለ ሳይመረመር ዋጋ የለውም ማለት የማይቻል ነው።

ተመርምረው ያፈሩም አሉ። ድንገተኛን እናንሣ። በሳይንሳዊ ስሙ ታቬርኒየራ አቢሲኒካ የሚባለው ይህ ተክል ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም፤ ድንገት ሆዱን የቆረጠው ወይም ትኩሳት የጀመረው ሰው ሥሩን አኝኮ ውኃውን ይውጣል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪው ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜና ባልደረቦቻቸው በ1990 ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ የሥሩ ጭማቂ በእንስሳት ላይ ሕመምንና ትኩሳትን እንደሚቀንስ፣ የአንጀትንም ጡንቻ እንደሚያላላ አሳይተዋል። ባህላዊው አጠቃቀምና የላቦራቶሪው ውጤት ተገናኙ ማለት ነው። በ2003 ደግሞ ፕሮፌሰር እያሱ መኮንንና የሥራ ጓዶቻቸው ዳማከሴን በአይጥ ፈትነው ትኩሳት እንደሚያበርድ አረጋግጠዋል። የቀበርቾ ሥርም በ2020 በታተመ ጥናት በአይጦች ላይ ሕመምንና እብጠትን ሲቀንስ ታይቷል። እነዚህን ጥናቶች ባዕድ አገር ያለ ተመራማሪ አይሠራልንም፤ ቀበርቾን የሚያውቀው እኛው ዘንድ ያደገ ሰው ነውና። የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ የእንዶድ ግኝትም ከዚሁ ነው የመጣው። በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ለቢልሃርዚያ መከላከያ መንገድ ከፈተ። ለተርታ ነገር ዓይን ያለው ሳይንቲስት ምን ሊያገኝ እንደሚችል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለንም።

ነገር ግን በአይጡ ላይ የሚደረገው ፈተና ምን እንደሚነግረን፣ ምንስ እንደማይነግረን መታወቅ አለበት። በብዛት የሚሠራበት አሴቲክ አሲድ በአይጡ ሆድ ውስጥ የሚወጋበት መንገድ ነው። አይጡ በሕመም ይኮማተራል፤ ተመራማሪው ለሃያ ወይም ለሠላሳ ደቂቃ ያህል ስንት ጊዜ እንደተኮማተረ ይቆጥራል። ዕፁን ቀድሞ የተሰጠው አይጥ ያነሰ ከተኮማተረ ዕፁ አስታግሷል ይባላል። ችግሩ፣ ጡንቻ የሚያላላ ወይም የሚያደነዝዝ ነገርም ኩምትርታውን መቀነሱ ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ ተመራማሪ አይጡን በሞቃት ብረት ላይ አቁሞ መዳፉን እስኪልስ የሚወስደውን ጊዜ መለካትን ይጨምርበታል፤ ይህኛው ሕመሙ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ደረጃ መታገሡን ያመለክታል። ሁለቱን አጣምሮ የሠራ ሰው ስለ አሠራሩ ጥቂት ፍንጭ ያገኛል። ብዙው ጥናት ግን እዚህ ላይ ይቆማል። የትኛው ንጥረ ነገር እንደሠራ፣ በየትኛው በር እንደገባ፣ ጉበት ምን እንዳደረገው፣ ሲደጋገም ኩላሊትን ይጎዳ እንደሆነ ሳይጠየቅ ተማሪው ይመረቃል፤ ቀጣዩ ተማሪ ሌላ ዕፅ ይዞ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የመጠኑንም ነገር ልብ ማለት ይገባል። በእነዚህ ጥናቶች ለአንድ ኪሎ የአይጥ ክብደት እስከ 400 ሚሊ ግራም የዕፅ ጭማቂ መስጠት የተለመደ ነው። ከአይጥ ወደ ሰው ለመሻገር በሚሠራበት የሰውነት ገጽ ስፋት ስሌት ይህ በ12 ገደማ ይካፈላል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ሁለት ግራም ያህል ደረቅ ጭማቂ ይሆናል። ጭማቂው የደረቁን ቅጠል አንድ አሥረኛ የሚያህል ቢሆን፣ ሰውየው ሃያ ግራም ደረቅ ቅጠል በአንድ ጊዜ መጠቀም ነበረበት። አንዳንዱ ዕፅ ይህን ያህል ይወሰዳል፤ ሌላው ግን ባለመድኃኒቱ በሦስት ጣት ቆንጥሮ የሚሰጠው ነው። ስለዚህ በአይጥ ሠራ የሚለው ዜና በቤት ውስጥ የሚጠጣው መጠን ይሠራል ወደሚለው በቀጥታ አይወስድም። ድንገተኛን በሚመለከት ደግሞ ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፦ የሚፈለገው ሥሩ ስለሆነ ተክሉ ተነቅሎ ይሞታል። ከአገራችን ውጭ የሌለ ተክል መድኃኒትነቱ በተመሰከረለት ቁጥር ይበልጥ ይቆፈራል፤ የሚተክለው ከሌለ ጥናቱ ራሱ ሊያጠፋው ይችላል።

አሁን ወደ እንክብሉ ወገን እንሻገር። እነርሱ የሚሉት፣ ሕዝቡን ዛሬ እየጠቀመውም እየጎዳውም ያለው በመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያለው ነው። አሠራሩን ደግሞ ዓለም ደርሶበታል። በ1971 እንግሊዛዊው ፋርማኮሎጂስት ጆን ቬን አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች መመረት እንደሚያግድ አሳየ። ፕሮስታግላንዲን በተጎዳ ሥጋ ውስጥ ሲበዛ የሕመም ነርቮች ይበልጥ ንቁ ይሆናሉ፤ ቦታው ያብጣል፣ ይግላል። ኢቡፕሮፌንም ዳይክሎፌናክም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። ቬን በ1982 የኖቤል ሽልማቱን የተካፈለው የፕሮስታግላንዲንን ምንነት ከገለጡት ከሁለቱ ስዊድናውያን፣ ከሱኔ በርግስትረምና ከቤንግት ሳሙኤልሶን ጋር ነበር። ሁለቱም የስቶክሆልሙ የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ሰዎች ናቸው፤ የተቋሙ ስም በኋላ ስለሚመለስ አንባቢ ይያዝልኝ።

ይህ ሁሉ ለጎንደር ሰው ምን ይፈይዳል? በጣም ይፈይዳል። ያው ፕሮስታግላንዲን በጨጓራ ውስጥ ጠባቂ ነው፤ ግድግዳውን የሚሸፍነውን ልጋግ ያስመነጫል፣ አሲዱን የሚያበርደውን ያዘጋጃል፣ ደም በደንብ እንዲደርስ ያደርጋል። ማስታገሻው ለጉልበት ቁርጥማት ተብሎ ሲወሰድ የጉልበቱን ብቻ ለይቶ አያግድም፤ የጨጓራውንም ያግዳል። በየመድኃኒት ቤቱና በየክሊኒኩ የሚሰማው ንግግር ግን እንዲህ ያለ ነው፦

«ልጄ፣ እንክብሉ ጨጓራዬን ይልጠኛል፤ መርፌዋን ውጊኝ።»

«አባባ፣ እህል ቀምሰዋል?»

«ዛሬ ዓርብ አይደል እንዴ? ገና ሰዓቱ አልደረሰም። ደግሞ መርፌ ሆድ አይገባ!»

የአባባ ሐሳብ ስሜት የሚሰጥ ነው፤ ሆድ ያልገባ ነገር ሆድን እንዴት ይጎዳል? የቬን ግኝት ግን ተቃራኒውን ነው የሚነግረን። ዳይክሎፌናክ በዳሌ ተወግቶም በደም ተጉዞ ጨጓራ ይደርሳል፣ እዚያ ያለውንም ጥበቃ ያነሣል። እንክብሉ ግድግዳውን ሲነካ የሚያደርሰው መላላጥ ቢቀርም ዋናው ጉዳት አይቀርም። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በብዛት በሚገኝበት አገር ላይ፣ በባክቴሪያው የቆሰለ ጨጓራ በማስታገሻው ምክንያት ሊደማ የሚችልበት ዕድል ይጨምራል። በማጭድ ሲያጭድ የዋለ፣ ውኃ ያልጠጣ ገበሬ ደግሞ በኩላሊቱ ይጎዳል። ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ኩላሊት ደም እንዲደርሰው ከፕሮስታግላንዲን ጋር ተባብሮ ነው የሚኖረው፤ ያን ጊዜ ፕሮስታግላንዲኑን ማገድ ኩላሊቱን ብቻውን መተው ነው። የጾም ሰዓት፣ የአጨዳ ወቅት፣ የአረቄ ልማድ፣ የጨጓራ ሕመም ብዛት፤ እነዚህን አስገብቶ የሚመረምር ጥናት ከለንደን አይመጣም።

ፓራሲታሞልን በአጭሩ ልለፈው። ከተሠራ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖት አሠራሩ ዛሬም ያከራክራል፤ በአንጎል ውስጥ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ተለውጦ ነው የሚሠራው የሚለው ሐሳብ ከ2005 ወዲህ ብዙ ደጋፊ አግኝቷል። ለጨጓራ የዋህ ነው፤ በቀን ከአራት ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ከስምንት ፍሬ ሲያልፍ ግን የጉበት ጠላት ነው። የደንቢያ ሰው ልብ ሊለው የሚገባው ሌላ ነገርም አለ፦ ወባ ያለበትን ሰው ትኩሳት ያበርድለታል፣ ወባውን ግን አይነካውም፤ ትኩሳቱ የበረደለት ሰው ደግሞ ምርመራውን ያዘገያል።

የዕፅዋቱ ወገን እዚህ ላይ የሚያነሣው መልስ አለ፤ ተገቢም ነው። «የእነዚህ እንክብሎች አሠራር ታውቋል፤ መጽሐፍ ላይ አለ። የጨጓራውን ጉዳይ ለሕዝብ ማስተማር የጤና ባለሙያ ሥራ ነው እንጂ ምርምር አይደለም። የጎንደር ተመራማሪ የስቶክሆልምን ሥራ ቢደግም ለዓለም ምን ይጨምራል?» በዚህ ሐሳብ ላይ ረጅም ጊዜ አስቤበታለሁ። በከፊል ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ኢትዮጵያዊት ፋርማኮሎጂስት በዚያው በስቶክሆልም የሠሩት ሥራ ጥያቄውን ከሥር ይለውጠዋል።

ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ በካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ሲመራመሩ፣ በ1996 ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አሳተሙ። ጥናቱ ሲዋይፒ2ዲ6 ስለሚባል የጉበት ኢንዛይም ነበር። ይህ ኢንዛይም ብዙ መድኃኒቶችን ይሰባብራል፤ አንዳንዶቹን ግን የሚያነቃው እሱ ነው። ኮዴይን ለምሳሌ በራሱ ደካማ ነው፤ ሕመም የሚያስታግሰው ሲዋይፒ2ዲ6 ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ትራማዶል የተባለው ማስታገሻም ከዚሁ ኢንዛይም ሲያልፍ የሚፈጠረው ውጤት ከራሱ ከትራማዶል በብዙ እጥፍ የበረታ ነው። ኢንዛይሙን የሚሠራው ዘር አብዛኛውን ጊዜ ከእናትና ከአባት አንድ አንድ ሆኖ ይወረሳል። ፕሮፌሰር እሌኒ በመረመሯቸው 122 ኢትዮጵያውያን ውስጥ ግን 29 በመቶው ይህን ዘር ሁለትና ከዚያ በላይ ሆኖ የተደገመበት ቅጂ ይዘው ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ነው።

ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ቀስ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የኮዴይን መጠን በማሸጊያው ላይ የተጻፈው በአውሮፓና በአሜሪካ ሰው ላይ ተለክቶ ነው። የተደገመ ዘር ያለው ሰው ያንኑ መጠን ሲወስድ ጉበቱ ፈጥኖና አብዝቶ ሞርፊን ሊያመርት ይችላል፤ አዋቂው ያንቀላፋል፣ ሕፃኑ ደግሞ ትንፋሹ ሊያጥር ይችላል። በአሜሪካ ቶንሲላቸውን ተቆርጠው ኮዴይን የተሰጣቸው ሕፃናት መሞታቸው ከታወቀ በኋላ፣ ከእነርሱም ውስጥ እንዲህ ፈጣን ኢንዛይም ያላቸው እንደነበሩበት በመገኘቱ፣ የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ከባድ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2017 ደግሞ ኮዴይንም ሆነ ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን እንዳይሰጥ ከለከለ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2012 ባወጣው የሕፃናት ሕመም መመሪያ ኮዴይንን ከሚመከሩት ማስታገሻዎች ዝርዝር አውጥቶታል። የተደገመ ዘር ያላቸው ሰዎች ጥቂት በሆኑበት አገር እንዲህ ከተደረገ፣ ከሦስት ሰው አንዱን በሚጠጋበት አገር ጉዳዩ ምን ያህል ሊያሳስብ እንደሚገባ ግልጽ ነው። ኢንዛይሙ ጨርሶ ያልሠራለት ሰውም አለ፤ እሱ ኮዴይን ሲወስድ ምንም አይሻለውም፣ ሐኪሙም አስመሳይ አድርጎ ሊያየው ይችላል።

የፕሮፌሰር እሌኒ ሥራ እዚህ ላይ ቢቆም ለእንክብሉ ወገን ሙሉ ድል በሆነ ነበር። ነገር ግን በ2002 ያሳተሙት ሌላ ጥናት ነገሩን እንደገና ያወሳስበዋል፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉ የበለጠ የሚስበኝም ይኸኛው ነው። ስዊድን የሚኖሩና ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አወዳደሩ። ዘራቸው ተመሳሳይ የሆኑ ሰዎች እንኳ፣ ኢትዮጵያ የሚኖሩት የኢንዛይማቸው ሥራ ከስዊድን ነዋሪዎቹ ይልቅ ቀርፋፋ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከአካባቢው አንድ ነገር ኢንዛይሙን ይይዘዋል፤ የሚበላው ወይም የሚጠጣው ነገር ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው። ከዚህ ጋር የሚሄድ መላምትም አለ፦ የካሮሊንስካው ማግኑስ ኢንግልማን ሱንድበርግ፣ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የዚህ ዘር መደጋገም የበዛው ጥንት ሕዝቡ መራራና መርዛማ ንጥረ ነገር ያላቸውን ዕፅዋት እየበላ በረሃብ ዘመን እንዲተርፍ ስላገዘው ሊሆን ይችላል ይላሉ። ገና ያልተረጋገጠ ሐሳብ ነው። ግን ተመልከቱ፤ ከእንክብሉ የተነሣው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ከዕፁ ዘንድ ደረሰ። ጠዋት ዳማከሴ ጠጥቶ ከሰዓት ትራማዶል የወሰደ ሰው በጉበቱ ውስጥ ሁለቱ ምን እንደሚባባሉ ማንም አልነገረውም። ዕፁ ኢንዛይሙን ቢይዘው ትራማዶሉ አይሠራለትም፤ ባይይዘውና ዘሩ የተደገመ ቢሆን ይበረታበታል።

የሁለቱን ወገኖች ክርክር ስመዝን ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። እስካሁን የተሟገትንባቸው ሥርና እንክብል የሚገናኙበት የሰውየው አካል አለ፤ ያ አካል ግን በስፋት አልተጠናም። ከአንድ አካል ወደ ሌላ አካል መድኃኒት ምን ያህል እንደሚለያይ የሚያስደነግጥ ምሳሌ ከእስያ ልስጥ። በሕንድና በፓኪስታን ገበሬዎች ለታመሙ ከብቶቻቸው ዳይክሎፌናክ ይሰጡ ነበር። ከብቱ ሲሞት ሬሳውን የበሉ ጥንብ አንሣዎች ኩላሊታቸው ተበላሽቶ አለቁ፤ ሦስት ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ ቀነሱ። ምክንያቱ በ2004 ታወቀ፤ መድኃኒቱ በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ ታገደ። ሰውም ከብትም የሚቋቋመውን ያ አሞራ አልቻለውም። የስሜን ተራሮች ገደል ላይ ጥንብ አንሣ የሚያንዣብብበት አገር ሰዎች ነንና የእንስሳት ሐኪሞቻችን ጉዳዩን ችላ ሊሉት አይገባም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ግን ቀርቶኛል። ስለ 29 በመቶው በጣም ማውራት ሊጎዳ ይችላል የሚሉ የሕመም ሐኪሞች አሉ፤ ቃላቸውን ማድመጥ ግዴታ ነው። በ2017 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እንዳሰላው፣ በዓመት በዓለም ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ከደባርቅ ወይም ከጃን አሞራ የመጣ የካንሰር ሕመምተኛ ሞርፊን ሊያገኝ የሚችለው ትልቅ ሆስፒታል ከደረሰ፣ እዚያም ከተገኘ ነው። ካጣ በእጁ የሚቀርለት ትራማዶል ነው። ሐኪሙን በትራማዶል አስፈራርተን ሌላ ካላቀረብንለት፣ ያ ሰው በስቃይ ይሞታል። በተጨማሪም ዘሩ የተደገመበት ሰው ሁሉ ይጎዳል ማለት አይደለም፤ የ2002ቱ ጥናት እንዳሳየው ኢንዛይሙ በአካባቢው ተይዞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህን ቁጥር ይዞ ትራማዶል ይታገድ የሚል ሰው ቢነሣ እቃወመዋለሁ።

ለሕፃናት ግን አቋሜ ይለያል። ቀዶ ጥገና የተደረገለት የአምስት ዓመት ልጅ ፓራሲታሞል፣ ኢቡፕሮፌን፣ ካስፈለገም በሐኪም ክትትል በጥንቃቄ የተለካ ሞርፊን ሊሰጠው ይችላል፤ ሞርፊን ለመሥራት ይህን ኢንዛይም አይጠብቅም፣ ስለዚህ መጠኑ ይበልጥ ይታወቃል። ኮዴይንና ትራማዶል ለዚህ ልጅ የግድ የሚሆኑበት ምክንያት አይታየኝም። ለአዋቂው የካንሰር ሕመምተኛ ደግሞ ከትንሽ ጀምሮ፣ የመጀመሪያዎቹን መጠኖች ካጠገቡ ሆኖ እየተከታተሉ መስጠት ይበቃል። ለዚህ ውድ የዘር ምርመራ አያስፈልግም፤ ሐኪሙና ነርሷ ኢትዮጵያዊ ሕመምተኛ ከመጽሐፉ ሊለይ እንደሚችል ማወቃቸው ነው የሚያስፈልገው።

ወደ ጎንደሩ ላቦራቶሪ ስመለስ፣ የዕፅዋቱ ጥናት ይቁም አልልም። ቁጥሩ ይነስ፣ ጥልቀቱ ይጨምር እላለሁ። አንድ ተማሪ የጀመረውን ዕፅ ተከታዩ ይቀበለው፤ ንጥረ ነገሩ ይለይ፣ ለጉበትና ለኩላሊት ያለው ነገር ይታይ። የእንዶድ ታሪክ ሁለተኛ ክፍል ለዚህ ትምህርት ይሆናል፦ ግኝቱ ከታወቀ በኋላ የመርዛማነት ማስረጃው ደረጃውን ጠብቆ አልተሠራም እየተባለ ለብዙ ዓመት ተጓተተ። አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲያገኙ ከአድዋው ወንዝ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር። መዘግየቱ ፍትሐዊ አልነበረም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ሆኖም ማስረጃው ከመጀመሪያው እዚሁ በእኛ እጅ ተሟልቶ ቢሆን ኖሮ ማዘግየቱ ይከብድ ነበር።

ቅድሚያው ግን ለሚዋጠውና ለሚውጠው ሰው እንዲሆን እሻለሁ፤ ጎንደር ለዚህ የሚሆን ነገር በእጁ አለ። ዩኒቨርሲቲው ዳባት ላይ የቤተሰቦችን ልደት፣ ሞትና ጤና ለዓመታት ሲከታተል የቆየ የጥናት ማዕከል አለው። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ደጋውንም ቆላውንም ቤት ለቤት ያውቁታል፤ እናቶችም ያምኗቸዋል። በመጠይቁ ላይ ባለፈው ሳምንት ለሕመም የተወሰደው ነገር ቢጨመር፦ እንክብል ይሁን መርፌ፣ ከማን እንደተገዛ፣ ከእህል በፊት ይሁን በኋላ፣ ከየትኛው ዕፅ ጋር። ፈቃደኛ ከሆኑት ጥቂቶች ደግሞ ደም ተወስዶ፣ ፕሮፌሰር እሌኒ በ1996 የጠየቁት ጥያቄ ስለ ዳባትና ስለ ደባርቅ ሰው ቢጠየቅ። ብዙ ሰው ከትራማዶል ጋር የሚቀላቅለው ዕፅ የትኛው እንደሆነ ከዚያ ይታወቃል፤ ቀጣዩ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪም ወደ አይጡ ቤት ይዞት የሚገባው ዕፅ ያው ይሁን።